ተመራማሪዋ ሩሃማ እና የአራተኛ ፎቅ ውሃ

በምሥራቅ አዲስ አበባ አንድ ኮንዶሚኒየም ተሠርቶ ሲያልቅ ለየብሎኩ አራት ነገር ይታደላል፦ ገጥሞ የማይዘጋ የብረት በር፣ ያለ ምክንያት የሚጮህ ውሻ፣ ማን እንዳቆማት የማይታወቅ ጎማዋ የተነፈሰ መኪና፣ እና ምርምሩ ሊያልቅ የተቃረበ የማስተርስ ተማሪ። የፊተኞቹ ሦስቱ አንዳንድ ቦታ ሊጎድሉ ይችላሉ። ተማሪው አይጎድልም። ገርጂም ሂዱ፣ ቦሌ ቡልቡላም ውረዱ፣ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፎ ደረጃ ለደረጃ የሚመላለስ፣ «አለቀ ወይ?» ሲባል ፊቱ የሚጠቁር አንድ ፍጡር አታጡም። ምርምሩ አይሞትም፣ አይድንም፤ ብቻ ይቃረባል።

ለኛ ብሎክ የደረሰችው ከሁሉም የላቀችው ናት፦ ክብርት ተመራማሪ ሩሃማ ላጲሶ፣ የገርጂ ነዋሪ፣ በሯ ከኔ በር ፊት ለፊት። የምታጠናው ግምትን ነው። እንዲህ ስላት ትቆጣለች፤ «ጋሼ፣ ግምት ሳይሆን የቁጥር ስሌት ዘዴ ነው» ትለኛለች። ከዚያ ስታስረዳኝ መልሳ እዚያው ትገባለች። በዓለም ላይ ካሉ ሂሳቦች አብዛኞቹ ቁርጥ ያለ መልስ የላቸውም አሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይገምታል፤ ግምቱን ይፈትሻል፤ ያርማል፤ ታርሞ የመጣውን ደግሞ እንደገና ይፈትሻል። ግምቱና እርማቱ እየተቀራረቡ ሲመጡ «ኮንቨርጅ እያደረገ ነው» ይባላል። ይህች ቃል የሩሃማ የሰላምታ መልስ ናት።

ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረው ኢስሐቅ፣ ከመገናኛ ገርጂ ሚኒባስ የሚነዳው፣ ይህችን ቃል ካልሰማ ሥራ አይወጣም።

«ዶክተርዬ! አለቀ?»

«ኮንቨርጅ እያደረገ ነው።»

«አምናም ሲያደርግ ነበርኮ!»

«አሁን በፍጥነት ነው የሚያደርገው።»

«የኔም መኪና እንደዚሁ ናት። አትነሳም እንጂ ድምጿ ያምራል!»

አንድ ቀን ጋቢና ተቀምጣ ሳለ፣ የሚጠብቃት ሰው እንዳለ ሰምቶ፣ «ስንት ሰዓት እንገናኝ ብለሽዋል?» አላት።

«ከሁለት ተኩል በፊት አልደርስም፤ ከሦስት ሰዓት ከሩብ አላልፍም ብዬዋለሁ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ቁርጡን ንገሪኛ!»

«ምን ያህል ስህተት ትችላለህ?»

ኢስሐቅ በሹፍርና ዘመኑ የሚሳደብ ተሳፋሪም፣ የሚያስታርቅ ተሳፋሪም፣ ሒሳብ ሳይሰጥ የሚወርድ ተሳፋሪም አይቷል። ስንት ስህተት እንደሚችል በአክብሮት የጠየቀው ግን አልነበረም። ራዲዮኑን ዘግቶ እስከ መገናኛ አሰበበት። «እናቴ እንኳን እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም ጋሼ» ብሎኛል ኋላ።

እቤቷ ደግሞ ሌላ ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ወጡን የምትሠራው እሷ ናት። ጨው በቁንጥር አትጨምርም። ትገምታለች፣ ትቀምሳለች፣ ግማሹን ታርማለች፣ እንደገና ትቀምሳለች። አባቷ አቶ ላጲሶ ምሳቸውን ዘጠኝ ሰዓት ይበላሉ፤ ጨው ግን በልክ ነው። በዚያው ሰሞን በጸሎት ቡድናቸው የምስክርነት ሰዓት አንዷ ስለ ቪዛዋ፣ አንዱ ስለ ትዳሩ ካመሰገኑ በኋላ ሩሃማ ተነሥታ፣ «ስህተቴ በግማሽ ስለቀነሰ ጌታ ይመስገን» አለች። ናኦሚ የምትባል የመዘምራን መሪ አቅፋት አለቀሰች። «ሌላኛው ግማሽስ እህቴ?» ብትላት፣ «እሱም ይቀንሳል፤ ዜሮ ግን አይሆንም» አለች። ቡድኑ ጾም አወጀላት።

ለቀልድ ብቻ እንዳትመስላችሁ። የደረጃው መብራት ተራ በተራ የተያያዘ አምፖል ነው። መስመሩ አንድ ቀን ተበጥሶ ጨለማ ዋጠን። ኢስሐቅ መሰላል ተሸክሞ ከመጀመሪያው አምፖል ጀምሮ አንድ በአንድ ሊፈትሽ ሲል ሩሃማ እጁን ያዘችው። «መሃሉን ፈትሽ። እዚያ ድረስ ኃይል ካለ ጥፋቱ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ከሌለ ወዲህ ነው። ከዚያ የቀረውን ደግሞ ለሁለት ክፈለው።» ኢስሐቅ መሰላሉ ላይ ጥቂት ጊዜ ብቻ ወጥቶ የተበጠሰውን አገኘው። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ቁልፍ ጠፋኝ ስትል እንኳን «ቤቱን ለሁለት ክፈይው» ይላታል።

እኔ በወጣትነቴ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፍልስፍና ያጠናሁ፣ ጡረታ እስክወጣም ያንኑ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ሁልጊዜ ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ ስቀመጥ ይህቺን ልጅ ከራሴ ጋር አነጻጽራለሁ። እኔ እውነትን ስፈልግ ኖሬ የት እንዳለች ሳላውቅ አረጀሁ። ሩሃማም የት እንዳለች አታውቅም። ልዩነታችን፣ እሷ ቢበዛ ምን ያህል እንደራቀቻት ማወቋ ነው። ይህ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነበር። እያደር ግን ብዙ ጠቢባን ያልታደሉት ትሕትና መሆኑ ገባኝ።

የምርምሯ ርዕስ በአንድ ትንፋሽ አይነበብም፤ ሲጨመቅ ግን እኛው ነን። የብሎካችን ውሃ ነው። ውሃ እኛ ዘንድ በፈረቃ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ምድር ቤት ይንፎለፎላል፣ አንደኛ ፎቅ ይወርዳል፣ ሁለተኛ ፎቅ ይቀጥናል፣ ሦስተኛ ፎቅ ያስነጥሳል፤ እኛ አራተኛ ፎቅ ስንደርስ እንደ ስስታም ምጽዋት ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሩሃማ የብሎኩን ቧንቧ በኮምፒውተሯ ውስጥ ሺህ ቦታ ቆራርጣዋለች። ውሃው ከአንዱ ቁራጭ ወደሚቀጥለው ሲሻገር ምን ያህል ጉልበት እንደሚያጣ እያሰላች እስከኔ ቧንቧ ድረስ ትከተለዋለች።

ስሌቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከእውነተኛው ውሃ ጋር ሲገጥም ነው። ስለዚህ ሁላችንንም ሥራ አስያዘችን። ለየቤቱ እኩል ጀሪካን አስቀመጠች። ቅዳሜ እሷ በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «አሁን!» ስትል ሁላችንም በአንድ ጊዜ ቧንቧችንን እስከ መጨረሻው እንከፍታለን፤ ጀሪካኑ እስኪሞላ የወሰደውን ጊዜ በስልካችን ለክተን እንልክላታለን። ኢስሐቅ ቁጥሩን ሲልክ፣ «እኔም ሞልቶልኛል፣ ጀሪካኑም ሞልቶለታል» ብሎ ይጨምርበታል። እኔ እልክ የነበረው «ገና ነው» የሚል ነበር። ከሰዓት በኋላም «ገና ነው።»

ዘንድሮ ነገሩ ከቀልድ አለፈ። የሩሃማ አማካሪ መምህር ጠርተው ቁርጡን ነገሯት። ይህ የመጨረሻ ሴሚስተርሽ ነው፤ ስሌትሽና ልኬትሽ ካልተገናኙ ፈታኞች ፊት ለዲፌንስ አትቀርቢም፤ ካልቀረብሽ ደግሞ የደከምሽበት ሁሉ ቀረ፣ ትሰናበቻለሽ። ስሌቱና ልኬቱ ደግሞ ጭራሽ አይተዋወቁም ነበር። አቶ ላጲሶ ለምርቃቷ ያሰፉት ሱፍ ልብስ ከመቆየቱ ብዛት አንዴ ጠቧቸው አንዴ ሰፍቷቸዋል። ሆሳዕና ያሉ ዘመዶች ቀኑን እየጠየቁ ይደውላሉ፤ አቶ ላጲሶ ስልክ ሲጮህ ሻወር ቤት ይገባሉ፤ ሻወሩ ውሃ እንደሌለው እየታወቀ።

አንድ ቅዳሜ ሩሃማ በሬን አንኳኳች። ገባች፤ ሰላም አላለችም፤ በቀጥታ ወደ ቧንቧዬ ሄዳ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ቤት ውሃ ለምን ይመጣል?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«መምጣት የለበትም። ሁሉም ሰው ከከፈተ፣ በኔ ስሌት ከሦስተኛ ፎቅ በላይ ጠብ ማለት የለበትም።»

«ይኸው ጠብ ይላላ።»

«አዎ። እሱ ነው ያስቸገረኝ።»

ዱካ ስባ ከቧንቧው ሥር ተቀመጠችና ጠብታውን ሌባ እንደያዘ ፖሊስ ታፈጥበት ጀመር። ጠብ ሲል ታቃስታለች። እኔም የሰው ዕቃ የሰረቅሁ ያህል አፈርሁ።

በዚያው ሳምንት ያቤጽ መጣ። ያቤጽ አብሯት ተምሮ ቀድሟት የተመረቀ፣ አሁን ባንክ የሚሠራ፣ ክራባቱን ከሥራ ውጭም የማያወልቅ ልጅ ነው። በራቸው ክፍት ስለነበር ሳልፈልግ ሰማኋቸው፤ ከፈለግሁም የፈለግሁት ትንሽ ነው።

«ሩሂ፣ አትሞኚ እንጂ! የቧንቧው ውስጡ ስንት እንደሚሻክር ለኮምፒውተሩ የምትነግሪው ቁጥር የለ? እሱን ትንሽ ጎተት አድርጊው፣ ግጥም ይልልሻል። ማን ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ያያል?»

«ስንት ልጎትተው?»

«እስኪገጥም ነዋ!»

«ያቢ፣ ቁጥሩ እሺ ይለኛል። ውሃው ግን እሺ አይልም።»

«ዲግሪ የሚሰጥሽ ውሃው ነው እንዴ?»

አቶ ላጲሶ በሩ ደፍ ላይ ቆመው ነበር። እሳቸው ለምርቃቷ ቀን ስንት እንደጸለዩ እኔ አውቃለሁ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ልጄ፣ እኔ ሂሳብ አላውቅም። ግን ትንሽ ነገር ነው ካላችሁ...» ብለው ጀመሩ። ሩሃማ ቀና ብላ አየቻቸው። ተቃውሞ አልነበረም አስተያየቷ፤ መለመን ነበር። አቶ ላጲሶ ዓረፍተ ነገሩን በሌላ ጨረሱት፦ «...ተይው። ይቅር።»

ያቤጽ ክራባቱን አስተካክሎ ሄደ።

ሩሃማም ብሎኩን እንደ አምፖሉ መስመር ለሁለት ከፈለችው። ቅዳሜ ውሃ ሲመጣ ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚያሳልፈውን መዝጊያ ዘግታ የታችኞቹን ብቻ አስለካች። አሁንም አልገጠመም። ስለዚህ ጥፋቱ ከታች ነው። የታችኛውን ደግሞ ለሁለት ከፈለች። አንደኛና ሁለተኛ ፎቅ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። የቀረው ምድር ቤት ነው። ምድር ቤት ደግሞ ያሉት ወይዘሮ ፈዲላ ብቻ ናቸው።

ወይዘሮ ፈዲላ ከወሎ መጥተው እዚህ ብሎክ ከገቡ ጀምሮ በራቸው ላይ ሳምቡሳ እየጠበሱ የሚሸጡ፣ የማንንም ልጅ ሳያጎርሱ የማያሳልፉ ሴት ናቸው። ሩሃማ ስትወርድ እኔም ተከተልኋት፤ ለሳምቡሳው ነው ብዬ።

«እትዬ ፈዲላ፣ ስንለካ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ነው የሚከፍቱት?»

ወይዘሮ ፈዲላ ሳምቡሳ ማገላበጣቸውን አላቆሙም። «ኧረ ምን በወጣኝ!»

«እንዴት?»

«እናንተ እላይ ጠብታ እየለመናችሁ እኔ እታች ቦለል አድርጌ ልከፍት? ነውር አይደለም እንዴ? ጋሼን የሚያክል ሰው ባዶ ጀሪካን ይዘው ቁጭ ብለው! ወላሂ፣ እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ከግማሽ አሳልፌ ከፍቼ አላውቅም።»

«ግን... ግሩፑ ላይ እስከ መጨረሻው ክፈቱ ብዬ ጽፌ ነበርኮ።»

«አይቼዋለሁ። ልጅ ስለሆነች ነው ብዬ አለፍኩሽ።»

ሩሃማ እዚያው የደንበኛ ዱካ ላይ ዘጭ አለች። ትስቃለች ስል አለቀሰች፤ ታለቅሳለች ስል ሳቀች። ሁለቱን በግማሽ በግማሽ ስታደርገው ቆየች። እኔ ደግሞ የሳምቡሳውን ፍርፋሪ ከልብሴ ላይ እያራገፍሁ ሌላ ነገር አስብ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ጠዋት ፊቴን የታጠብሁበት ውሃ፣ የአምላክ ቸርነት ነው ያልሁት፣ ከፍ ሲልም በዕጣ ፈንታ ላይ የተፈላሰፍሁበት ጠብታ፣ የወይዘሮ ፈዲላ ይሉኝታ ኖሯል። በግማሽ የተዘጋ የሰው ቧንቧ ነው ያጠጣኝ።

አሁን የቀረው ወይዘሮ ፈዲላን ማሳመን ነበር። ዲፌንሱ ደግሞ ደርሷል፤ በመካከሉ ያለችው ቅዳሜ አንድ ብቻ ናት።

«አላደርገውም!» አሉ። «እኔ እየዘነበልኝ ጋሼ በጥም ይሙቱልኝ?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው እትዬ፤ እስኪለካ ድረስ።»

«ኃጢአቱስ በማን ነው?»

«በኔ ይሁን» አልሁ። «እኔው ነኝ የሚጠማኝ፤ እኔው ፈቅጃለሁ።»

ኢስሐቅ ከሚኒባሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «በሂሳቡ ይሁን በሏቸው፣ ሂሳብ አይኰነንም!» አለ። ወይዘሮ ፈዲላ ለሩሃማ ፊት እንጂ ለክርክራችን አልተረቱም። የልጅቱን ዓይን አዩና፣ «በይ እሺ። ግን እኔ ፊቴን አዙሬ ነው የምከፍተው» አሉ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጀሪካኔን ከቧንቧው ሥር ደግኜ ቆምሁ። «አሁን!» የሚለው መልእክት መጣ። ከፈትሁ። ቧንቧው እንደ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤ የቆየች ጠብታ ለቀቀ፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጭው ያለ ነገር ነው። ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ስንት?» ድምጿ ቀጥኗል።

«ምንም።»

«ምንም ማለት... ትንሽ ትንሽም?»

«ምንም ማለት ምንም ነው ልጄ! ደርቋል! አመድ ሆኗል!»

ራሴን ያገኘሁት ደረጃው ላይ ነው፤ ባዶ ጀሪካን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ በነጠላ ጫማ። ኢስሐቅ ከታች፣ «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ብሎ ጮኸ። «ውሃ የለም!» ብዬ መለስሁለት። «ታዲያ ይሄ ምን ያስደስታል?» አለኝ። ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ውሃ የናፈቀው ሰው፣ ውሃ ስለቀረበት እልል ሊል ምን ቀረው? ከላይ ደግሞ አቶ ላጲሶ «ገጠመ! ገጠመ!» እያሉ በካልሲ ወጡ። የገጠመው ምን እንደሆነ ባይገባቸውም መግጠሙን ከልጃቸው ፊት አንብበዋል። ሩሃማ «ዜሮ አይሆንም» እንዳለችው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጥቂት ልዩነት ነበረ። ለሱም ደስ አላት። «ጨርሶ ቢገጥም ነበር የምጠራጠረው» አለች።

ዲፌንሱ ላይ አቶ ላጲሶ መግባት አልቻሉም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው ይጸልያሉ። እኔና ወይዘሮ ፈዲላ ከኋላ ረድፍ ተቀመጥን። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙት ፈታኝ፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው፣ ሲጠይቁ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ይህ ደግሞ ከመጮህ ይልቅ ያስፈራል።

«የመጀመሪያው ልኬትሽ በሙሉ ተበላሽቷል። ለምን?»

«አንዲት ጎረቤታችን ለኛ ስትል ቧንቧዋን በግማሽ ትዘጋ ስለነበር ነው።»

«ይህን ከየትኛው ስህተት ትመድቢዋለሽ?»

ወይዘሮ ፈዲላ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ።

«ስህተት አይደለም» አለች ሩሃማ። «እኔ ነኝ ስሌቱ ውስጥ ሳላስገባው የቀረሁት።»

ፈታኙ መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ከዚያ አስወጡን፤ ቆይተው አስገቡን። አልፈሻል አሏት። ከኮሪደሩ የአቶ ላጲሶ «ሃሌሉያ!» ሲሰማ ፈታኞቹም ሳቁ። ቀጭኑ ሰውዬ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ወደኛ አመለከቱና፣ «እነዚህስ እነማን ናቸው? ቤተሰብ?» አሏት።

ሩሃማ ዞራ አየችን። «የመለኪያ መሣሪያዎቼ ናቸው።»

«ስህተታቸው ይታወቃል?» አሉ ሰውዬው፣ ለቀልድ።

«አዎ። ከነስህተታቸው ነው የማውቃቸው።»

ጓድ ተብያለሁ፣ መምህር ተብያለሁ፣ ጡረተኛም ተብያለሁ። መሣሪያ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ወይዘሮ ፈዲላ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። «ምን አለችን ጋሼ?»

«ታውቀናለች ነው የምትለው።»

ሻሻቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ። እኔም ተነሣሁ፤ ሰው ሲያስተዋውቁት ተቀምጦ አይቀርም።